በአዋጅ ያልቆመ ጫት፣ ያለ አዋጅ የቀረ ቡና

ግሪንብራየር በአሜሪካ የቴነሲ ግዛት፣ ከናሽቪል ብዙ የማትርቅ ትንሽ መንደር ናት። ቻርልስ ኔልሰን የተባለ ከጀርመን የመጣ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1870 እዚያ የውስኪ ማምረቻ ገዛ። ሰውዬው በ1850 በመርከብ ወደ አሜሪካ ሲሻገር ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበር። መርከቧ አደጋ ሲደርስባት አባቱ ባሕር ውስጥ ወደቀ። የቤተሰቡን ጥሪት ወርቅ አድርጎ ልብሱ ውስጥ አሰፍቶት ስለነበር ክብደቱ ይዞት ሰመጠ ይላሉ ዘሮቹ። ልጁ ግን ሻማ ሠርቶ፣ ሥጋ ሸጦ፣ ግሮሰሪ ከፍቶ በመጨረሻ የውስኪ ባለሀብት ሆነ። በ1891 ሲሞት ሚስቱ ሉዊዛ ሥራውን ተረከበች፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ማምረቻ የምትመራ ሴት እንደ ልብ አትገኝም ነበር። በ1909 የቴነሲ ግዛት መጠጥን አገደና ሉዊዛ በሩን ዘጋች። መላውን አሜሪካ የሚያግደው ሕግ ገና 11 ዓመት ይቀረው ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ራሱ ረሳው። እ.ኤ.አ. በ2006 አንዲና ቻርሊ የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች ከአባታቸው ጋር ሥጋ ሊያመጡ ወደ ግሪንብራየር ሄዱ። መንገድ ዳር በቆመ የታሪክ ሰሌዳ ላይ የገዛ ስማቸውን አነበቡ። በ2014 የአያት ቅድመ አያታቸውን ስም ይዘው ናሽቪል ውስጥ ማምረቻውን እንደገና ከፈቱ። አንድ አዋጅ የቤተሰቡን ሥራ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግቶት ነበር ማለት ነው።

ይህን ታሪክ ሐረርጌ ውስጥ ጭሮ ላይ ተቀምጬ ማውራቴ የሚያስገርመው ሰው ይኖር ይሆናል። (አሰበ ተፈሪ ብል ይቀለኛል፤ ዕድሜዬን ታሪክ ያስተማርኩባት ከተማ ስሟ ሲለወጥ አፌ አልተከተላትም። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ የእኛን አውራጃ ጨርጨርን ለሌላው አገር አርአያ ሊያደርጉ ሲነሱ መቀመጫቸው እሷ ነበረች።) በእኛ ተራሮች ውስኪ የሚያወጣ ቤተሰብ የለም። ጠጁና አረቄው በወታደሩ ሰፈርና በባቡር ጣቢያዎቹ በሚኤሶ፣ በአሰቦት፣ በአፍደም ይሸጥ ነበር እንጂ ገበሬው አብዛኛው ሙስሊም ነው። የሱ ወግ ጫትና ቡና ነው። ቢሆንም እገዳ ምን ሊዘጋ እንደሚችልና እንደማይችል ማየት ለሚፈልግ ሰው ከሐረርጌ የተሻለ መምህር አላውቅም።

ጫት እዚህ አገር ያረጀ ነገር ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል እንኳ ያነሳዋል፤ የይፋቱ ገዢ ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ ይዤ ጫት እተክልበታለሁ ብሎ ፎክሮ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር ሲገባ ሰዉ ሲቅም አግኝቶታል። ነገር ግን ጫት ትልቅ የውጭ ንግድ የሆነው አውሮፕላን ከመጣ በኋላ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 ሥራ ጀመረ፤ ብዙ ሳይቆይ የሐረር ዙሪያ ጫት ከድሬዳዋ ተጭኖ በእንግሊዝ እጅ ወደነበረችው የየመኗ ኤደን መብረር ያዘ። ጠዋት የተቆረጠው ቅጠል ከቀትር በኋላ ባሕር ማዶ ይቃማል። ነገሩ እንግሊዞችንና የኤደንን ሹማምንት አስቆጣ። ገንዘባችን ወደ ኢትዮጵያ እየፈሰሰ ነው፣ ሠራተኛው ደመወዙን ቅሞ ልጆቹን ያስርባል አሉ። መሠረት የሌለው ክስ አልነበረም፤ ዛሬም ጭሮ ውስጥ የቤት ወጪ የቸገራት ሚስት ይህንኑ ትላለች።

ስለዚህ በመጋቢት 1949 ዓ.ም. መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1957 ጀምሮ፣ ኤደን ጫትን አገደች። እገዳው ግን የሚሠራው በቅኝ ግዛቱ ወሰን ብቻ ነበር። ከወሰኑ ማዶ ያለው የላሕጅ ሱልጣን አገር አልከለከለም። ቃሚው ወገቡን አሰረና በአውቶቡስ እየተሳፈረ ድንበር ተሻግሮ ይቅም ጀመር፤ ማታ ይመለሳል። ኮንትሮባንዱ ጦፈ። መንግሥት ደግሞ ከጫት ይሰበስብ የነበረውን ቀረጥ አጣ። በሰኔ 1950 ዓ.ም. እገዳው ተነሳ። ዓመት ከጥቂት ወራት ብቻ ነው የቆየው።

የኔልሰን ቤት ከመቶ ዓመት በላይ ሲዘጋ የሐረርጌ ጫት በአንድ ዓመት የተመለሰው ለምንድን ነው? መልሱ ቅጠሉ ላይ ነው። ውስኪ በርሜል ውስጥ ሲቆይ ይወደዳል፤ ጫት ካደረ ይረክሳል፣ ሁለት ቀን ከሞላው ማንም አይገዛውም። ስለዚህ የጫት ንግድ መጋዘን የለውም፣ ፋብሪካ የለውም፣ ፖሊስ ሄዶ የሚያሽገው በር የለውም። ያለው ገበሬው፣ ቆራጩና ሾፌሩ ነው። ቆራጩ ጎህ ሳይቀድ ማሳ ይገባል፤ ለጋውን በጥፍሩ እየቀነጠሰ ይሰበስባል፤ በዙርባ በዙርባ አስሮ እርጥበቱ እንዳይሄድበት በቅጠል ይጠቀልላል። ከዚያ ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመው አይሱዙ ነፍሱን ሸጦ ይበራል። እገዳ ቢመጣ ገበሬው ዛፉን አይነቅልም፤ ቅጠሉ እስኪፈለግ ይጠብቃል። ሶማሊያ እ.ኤ.አ. በ1983 አገደች፤ እንግሊዝ ራሷ በ2014 አገደች። የጨርጨር ጫት ግን ጠፍቶ አያውቅም፤ ይልቁንም ተስፋፋ።

የተስፋፋው ደግሞ ቡና ቆሞ በነበረበት መሬት ላይ ነው፤ እኔን የሚቆረቁረኝ ይኸው ነው።

ልጅ ሆኜ ጨርጨር የቡና አገር ነበር። አባቴ ገለምሶ አጠገብ ቡና ነበራቸው። እኛ ዘንድ ቡና አይታጠብም። ፍሬው ዛፉ ላይ ቀልቶ ወደ ጥቁረት ሲሄድ ይለቀማል፣ ሰሌን ላይ ይሰጣል፣ እፍኝ አንስተው ሲያናውጡት ከተንኮሻኮሸ ደርሷል። እናቴ ጀንፈሉን በሙቀጫ ይወቅጡ ነበር። ገለባው አይጣልም፤ ከወተትና ከጨው ጋር ፈልቶ ሆጃ ይሆናል። ከነልብሱ በቅቤ የተጠበሰው ደግሞ ቡና ቀላ ነው፤ ለእንግዳና ለዱዓ ይቀርባል። ለነገሩ ቡናም በታሪኩ እገዳ ያውቃል፤ የሰሜኑ ቤተ ክህነት የእስላም መጠጥ ነው ብሎ ለረጅም ዘመን ይከለክለው ነበር፣ የለዘበው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ያ ክልከላ የሐረርጌን አንድ ዛፍ አላስነቀለም።

ታዲያ ማን አስነቀለው? መጀመሪያ በሽታ መጣ። ፍሬውን ገና አረንጓዴ ሳለ የሚያጠቁረው የቡና በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ቀጥሎ ደርግ መጣ። ቡና የመንግሥት ሆነ፤ ኮታ ተጣለበት፣ ዋጋው ተቆረጠ፣ ኬላ ላይ ጆንያ ተፈታ። አባቴ በገዛ ቡናቸው ኮንትሮባንዲስት መባል ፈሩ። ጫቱን ግን እንደዚያ የሚቆጥረው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1989 ቡና የሚሸጡና የሚገዙ አገሮች ዋጋ እንዳይወድቅ የገቡት የኮታ ስምምነት ፈረሰ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ገበያው ጭራሽ ወደቀ። ቡና በዓመት አንዴ ይደርሳል፤ ጫት ውኃ ካገኘ በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል። ልጁን ትምህርት ቤት የሚያስገባ፣ እህል የሚገዛ ገበሬ ምን ይምረጥ? አባቴም መጨረሻ ላይ ከቤቱ ጀርባ ጥቂት እግር አስቀርተው ሌላውን አወጡት። አልወቅሳቸውም። ጫት ቆሞ ያበላውን ሰው ስለ ቡና ክብር የሚሰብክ ከተሜ ሲገጥመኝ ግን ዝም አልልም፤ ዋጋውን አንተ ትከፍላለህ ወይ እለዋለሁ።

ሆኖም የኔልሰን ወንድማማቾች ያልነበራቸው ነገር እኛ አለን። እነሱ ሲመለሱ ያገኙት ስምና የድሮ ሰነድ ነው፤ እኛ ዛፉ ራሱ አለን። በዳሮ ለቡ ወረዳ ያለው የመቻራ ግብርና ምርምር ማዕከል ከሐረርጌ ቡና መርጦ መቻራ-1፣ ቡልቱም፣ ሞካና ሃሩሳ የተባሉ ዝርያዎችን አውጥቷል። ስሙም አለን፤ ኢትዮጵያ ሐረርን ከሲዳሞና ከይርጋጨፌ ጋር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ተሟግታ እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደርሳለች። ሐረር ተብሎ ባሕር ማዶ በሚሸጠው ጆንያ ውስጥ ግን የገለምሶና የበደሳ ቡና መኖሩን ስንት ጠጪ ያውቃል?

ስለዚህ ለቡና ላኪዎች አንድ ልመና አለኝ። ከጨርጨር የገዛችሁትን ለብቻው አኑሩት፤ ጆንያው ላይ ገለምሶ፣ ሂርና፣ ጭሮ ብላችሁ ጻፉ፤ በስሙ የተገኘውን ጭማሪ ዋጋ እስከ ገበሬው አድርሱ። ከቤቱ ጀርባ አሮጌ የቡና እግር የቀረው ወንድሜም ለጫት ቦታ ብሎ ከመንቀሉ በፊት የመቻራ ሰዎችን ያማክር።