ከከሰል ምድጃ ወደ ከርሰ ምድር፦ የሪጀንት ፓርክ ሙቀት የማን ነው?

በቶሮንቶ ቤትን ማሞቅ የምቾት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕግ ግዴታም ነው። የከተማዋ ደንብ በቀዝቃዛ ወራት አከራይ ማሞቂያ የሚያቀርብበትን ቤት ሙቀት ቢያንስ በ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲጠብቅ ያስገድደዋል። ሙቀቱ ከምን እንደሚመነጭ፣ መሣሪያው የማን እንደሆነና የመጀመሪያውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ግን ደንቡ አይወስንም። ሪጀንት ፓርክ ለዚህ ጥያቄ አንድ ክፍለ ዘመን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት የተለያዩ መልሶች ሰጥቷል። ዛሬ በካናዳ ስለ ከርሰ ምድር ሙቀት የሚደረገው ክርክር ከእነዚህ መልሶች ብዙ የሚማረው አለ። (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው መልስ “እያንዳንዱ ለራሱ” የሚል ነበር። አካባቢው የካቤጅታውን ደቡባዊ ክፍል በነበረበት ዘመን ሠራተኛው ሕዝብ በተጠጋጉና ባረጁ ትንንሽ ቤቶች ይኖር፣ ምድጃውንም በከሰልና በእንጨት ያነድ ነበር። የማገዶው ወጪም፣ የጭሱ ጉዳትም፣ የብርዱ መከራም የቤተሰቡ የግል ዕዳ ነበር። በ1934 የኦንታሪዮ ሌፍተናንት ገቨርነር ኸርበርት ብሩስ ያቋቋሙት ኮሚቴ የቶሮንቶን ድሆች የመኖሪያ ሁኔታ መርምሮ፣ ችግሩ በግለሰብ ጥረት ብቻ እንደማይፈታ አሳወቀ። በጃንዋሪ 1947 የከተማዋ መራጮች ለግንባታው ወጪ ድምፃቸውን ሰጡ። በ1948 ግንባታው ተጀመረ፤ የካናዳ የመጀመሪያው ትልቅ የሕዝብ መኖሪያ ሰፈርም ተወለደ።

ሁለተኛው መልስ “መንግሥት ለሁሉም” የሚል ሆነ። አዲሶቹ ሕንፃዎች ሙቀታቸውን ያገኙ የነበረው ከማዕከላዊ የቦይለር ቤት ነው። ከሰል ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ቀረ፤ ሙቀት ከኪራዩ ጋር የሚመጣ መብት መሰለ። ይሁን እንጂ ነዋሪው ከማገዶው ሸክም ሲገላገል ውሳኔውም ከእጁ ወጣ። የጥገናው በጀት የሚታቀደው እርሱ በማይገኝበት ጠረጴዛ ላይ ነበርና፣ ሕንፃዎቹ ሲያረጁ ጉዳቱ የደረሰው በነዋሪው ላይ ነው።

በዚያው በ1948 በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ ከከርሰ ምድር ውሃ ሙቀት እየቀዳ የሚሞቅ ትልቅ የቢሮ ሕንፃ ሥራ ጀምሮ ነበር። ሐሳቡም አዲስ አልነበረም፤ የስዊሱ መሐንዲስ ሃይንሪሽ ዞሊ መሬትን የሙቀት ምንጭ የማድረግን ዘዴ በ1912 በፓተንት አስመዝግቦ ነበር። አሠራሩም ቀላል ነው። በደጋ አገር በብርድ ጠዋት ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ የቀዳ ሰው ውሃው ለብ ብሎ እንደሚወጣ ያውቃል፤ መሬት በጥልቀቷ የክረምትና የበጋን ልዩነት አታውቅም። በቶሮንቶም ጥቂት ሜትሮች ወደ ታች ከተወረደ በኋላ የአፈሩ ሙቀት ዓመቱን ሙሉ በ10 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። በተቀበረ ቧንቧ የሚዞር ፈሳሽ ያን ሙቀት ያመጣል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ኮምፕሬሰርም ከፍ አድርጎ ለቤቱ ይሰጣል። በጥሩ ሁኔታ ለአንድ እጅ ኤሌክትሪክ ከሦስት እስከ አራት እጅ ሙቀት ይገኛል። ይህ እንደ አሉቶ ላንጋኖ ካለው፣ ከጋለ ዓለት በሚወጣ እንፋሎት ኤሌክትሪክ ከሚያመነጭ ጣቢያ ጋር ሊምታታ አይገባም። አሉቶ የስምጥ ሸለቆን እሳት ይፈልጋል፤ የሙቀት ፓምፕ ግን ተራ አፈር ይበቃዋል።

ታዲያ ስለምን አልተስፋፋም? በ1958 ከአልበርታ የተነሣው የጋዝ መስመር እስከ ምሥራቅ ካናዳ ተዘረጋ። ርካሽ ጋዝ ደጃፉ ለደረሰለት ሰው መቶ ሜትር ጉድጓድ ማስቆፈር ትርፉ አልታየውም። ዘዴው የተሸነፈው በብቃት ሳይሆን በመጀመሪያ ወጪው ነው።

ሦስተኛው መልስ በ2005 ከጀመረው ዳግም ግንባታ ጋር መጣ። 69 ኤከር የሚሸፍነው ሰፈር እየፈረሰ ሲሠራ፣ የሕዝብ ኪራይ ቤቶችና የግል ኮንዶሚኒየሞች ጎን ለጎን እንዲቆሙ ተወሰነ። በሳክቪል ጎዳና ከአንድ ሕንፃ ሥር የተቋቋመው የኃይል ማዕከልም ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ በመንገድ ሥር በተቀበሩ ቧንቧዎች ያሠራጭ ጀመር። ማዕከሉ በተፈጥሮ ጋዝ ቢነሣም፣ ወደፊት ሌላ የሙቀት ምንጭ እንዲቀበል ታስቦ ነበር። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ ቧንቧው ከእሳቱ ይልቅ ዕድሜ አለው። የጋራ መስመር ያለው ሰፈር አንድ ማዕከል በመለወጥ ብዙ ቤቶችን ይለውጣል፤ መስመር የሌለው ግን ቤት ለቤት መቆፈር ይኖርበታል።

በሰሜን በኩል በካቤጅታውን በቀሩት ትንንሽ ቤቶች ችግሩ ጎልቶ ይታያል። መሬቱ ጠባብ ነው፤ መቆፈሪያ ማሽን ወደ ጓሮ የሚገባበት መንገድ ብዙ ጊዜ የለም፤ ወጪውም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። የፌዴራል መንግሥት በ2021 እስከ 5,000 ዶላር የሚደርስ የቤት እድሳት ድጎማ፣ በኋላም እስከ 40,000 ዶላር ያለ ወለድ ብድር አቀረበ። ድጎማው የተሰጠው በገዛ ቤቱ ለሚኖር ባለቤት ነበር። ስለዚህ የሕዝብ ገንዘብ የሄደው የቤት ካርታ ወዳለው ሰው ነው፤ የሪጀንት ፓርክ ተከራይ ግብር ከፋይ ቢሆንም የድጎማው ተቋዳሽ መሆን አልቻለም።

እንግዲህ ከርሰ ምድር ለብቻው ፍትሕ አያመጣም። ኦንታሪዮ በ2014 በከሰል ኤሌክትሪክ ማመንጨትን ስላቆመች የሙቀት ፓምፕ ጥቅሙ ጨምሯል፤ ነገር ግን በዲሴምበር 2013 የበረዶ ማዕበል በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የቶሮንቶ ደንበኞችን መብራት እንዳጠፋ አይዘነጋም። የሙቀት ፓምፕ ለብ ባለ ውሃ ሲሠራ የተሻለ ስለሚያተርፍ፣ ግድግዳውና መስኮቱ ሙቀት የማያሾልኩ ሊሆኑ ይገባል። ከሁሉም በላይ ጉድጓዱን በራሱ ገንዘብ የሚቆፍር ኩባንያ ከነዋሪው ጋር የአሥርተ ዓመታት ውል ይገባል፤ ውሉን የሚፈርመው ግን ብዙ ጊዜ ነዋሪው ገና ሳይገባ ገንቢው ነው።

የጉድጓዱ ቧንቧ ግማሽ ክፍለ ዘመን ሊያገለግል ይችላል፤ ፓምፑ ግን ሁለት አሥርተ ዓመት ያህል ነው። ለእንዲህ ያለ ዕድሜ የሚመጥነው ባለገንዘብ ቤቱን ነገ የሚሸጥ ግለሰብ ሳይሆን ከተማው ወይም የሕዝብ ቤቶች ድርጅቱ ነው። በየከተማው በዕቅድ ስብሰባ፣ በተከራዮች ማኅበርና በኮንዶሚኒየም ቦርድ የተቀመጡ ወገኖቻችን ንድፉ ከመጽደቁ በፊት ሊጠይቋቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፦ መስመሩ የማን ንብረት ነው? ዋጋውን ማን ይቆጣጠራል? ተከራዩ በውሉ ላይ ድምፅ አለው ወይ? መንገዱ አስፋልት ከለበሰ በኋላ እነዚህን መጠየቅ እጅግ ውድ ይሆናል።