የኡጋንዳ ኢማሞችና ኤድስ



በአፉላ የኢንዱስትሪ ቀጠና ሥራ ስትጀምሩ ከሙስሊም ሠራተኞች ጋር መዋላችሁ አይቀርም። እነሱም እንደ እኛ ወንድ ልጅ ይገርዛሉ፤ ዝሙትም በሃይማኖታቸው ክልክል ነው። «እንዲህ ከሆነ ኤድስ ምን ያደርገናል?» የምትሉ ካላችሁ የኡጋንዳን ሙስሊሞች ታሪክ ስሙ።

እ.ኤ.አ. በ1989 በኤድስ ላይ ጂሃድ አወጁ፤ ትግል ማለታቸው እንጂ የጦር መሣሪያ የለበትም። ከ1992 ጀምሮ የእስላማዊ ሐኪሞች ማኅበር ኢማሞችን እያሠለጠነ መንደር ለመንደር እንዲያስተምሩ አሰማራ። ትምህርቱ ከጋብቻ በፊት መታቀብና በትዳር መጽናት ነበር። ነገር ግን ብዙ ልጆችን በአንድ ምላጭ መግረዝ በሽታውን ሊያስተላልፍ እንደሚችልም መንገር ግድ ሆነ። ኮንዶም ሲነሳ ክርክሩ ከረረ። መጀመሪያ ተቃወሙት፤ ከብዙ ውይይት በኋላ በኃላፊነት መጠቀምን በትምህርቱ ጨመሩ። ለእኔ ትልቁ ድፍረት ይህ ነው።

ግርዛትስ? ከ2005 እስከ 2007 በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የወጡ ጥናቶች ወንዱ ከሴት የመያዝ ዕድሉን በ60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ይቀንሳል እንጂ አያግድም።

እኛ ዘንድ የለገስነው ደም በስውር ይጣል እንደነበር በ1996 ከተጋለጠ ወዲህ፣ ብዙ ሽማግሌዎች የኤድስን ስም እንኳ መስማት አይወዱም። ቁጣቸው ትክክል ነው። ምርመራው ግን በኩፓት ሆሊም አለ፤ ባልና ሚስት አብራችሁ ጠይቁ።