የውሃ መሳቢያ ውሃ ይስባልን?

ፊደል የጨረሳችሁም፣ ገና በመቁጠር ላይ ያላችሁም፣ ለዛሬው ንግግር ደብተርና እርሳስ አያስፈልጋችሁም። አንድ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ይበቃል።

ከደብረ ብርሃን ወደ ማጀቴ የሚወርድ መንገደኛ ጣርማ በር ላይ ውሃውን ጠጥቶ ባዶውን ፕላስቲክ ጥርቅም አድርጎ ይክደነው። መኪናው ዋሻውን አልፎ፣ ያንን ጠመዝማዛ ሁሉ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ፕላስቲኩ ጎኑ ጎድጉዶ ይገኛል። ሰውየውም ጆሮው ድፍን ብሎበታል። ታዲያ ፕላስቲኩን ማን ጨመቀው? ማንም አልነካውም። የጨመቀው አየር ነው።

አየር ክብደት አለው ሲባል ብዙ ሰው ይስቃል። መሳቁ አያስነውርም፤ የዓለም ሊቃውንትም እውነቱን የደረሱበት ብዙ ተሳስተው ነው። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።)

በኢጣልያ አገር ጉድጓድ ቆፋሪዎች አንድ ችግር ገጠማቸው። በፓምፕ ውሃ ሲስቡ 10 ሜትር ግድም ድረስ እሺ ይላል፤ ከዚያ በላይ ግን ወይ ፍንክች! ፓምፑን ቢጠግኑት፣ ቢቀይሩት ያው ነው። ዝነኛው ጋሊሌዎ ነገሩን በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ ላይ አነሣው። እንደሱ አሳብ፣ ገመድ ከመጠን በላይ ሲረዝም በገዛ ክብደቱ እንደሚበጠስ ሁሉ ውሃውም ይበጠሳል። ትልቅ ሰውም ይሳሳታል ማለት ነው።

ነገሩን የገለበጠው ቶሪቼሊ ነው። ውሃውን የሚስበው የለም፤ የሚገፋው አለ አለ። እኛ የምንኖረው በአየር ባሕር ወለል ላይ ነው። ያ ባሕር በጉድጓዱ ውሃ ላይ ተጭኖ ይገፋዋል፤ ፓምፑ የሚያደርገው በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር አስወጥቶ ለውሃው መንገድ መልቀቅ ብቻ ነው። ቶሪቼሊ ይህን በ1644 ሲያስረዳ በውሃ ፈንታ የተጠቀመው ባዜቃን ነው። ባዜቃ ከውሃ 13 እጥፍ ተኩል ያህል ይከብዳል። ስለዚህ 10 ሜትር ውሃን የሚሸከም አየር ከባዜቃ የሚሸከመው 76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆነ። ልኩ ልክክ አለ።

ፈረንሳዊው ፓስካል ደግሞ አንድ ጥያቄ ጨመረ። የምንኖረው በባሕር ወለል ላይ ከሆነ፣ ተራራ ስንወጣ ከላያችን ያለው አየር መቀነስ የለበትምን? የእኅቱ ባል ፔሪዬ በመስከረም 19 ቀን 1648 ባዜቃውን ይዞ ፒዩ ደ ዶም የሚባለውን ተራራ ወጣ። ከጫፉ ሲደርስ ባዜቃው ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ ወረደ። ከታች በገዳሙ ቅጽር ሌላ ባዜቃ አስቀምጦ አንድ መነኩሴ ቀኑን ሙሉ እንዲጠብቀው አድርጎ ነበር፤ እሱ ንቅንቅ አላለም። እኔ ከታሪኩ ሁሉ የምወደው ይህን መነኩሴ ነው። እሱ ባይጠብቅ ኖሮ ማን ያምን ነበር?

ይህ እውቀት ወደ እኛም ተራሮች መጥቷል። አንቷን ዳባዲ የሚባል ተጓዥ ከ1838 ጀምሮ ዐሥር ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ሲዘዋወር የየቦታውን ከፍታ ያወቀው ውሃ አፍልቶ ሙቀቱን በመለካት ነበር። አየሩ ሲቀል ውሃ ቶሎ ይፈላልና። በባሕር ጠረፍ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። 1,280 ሜትር ላይ በምትገኘው ሸዋ ሮቢት በ96 ግድም፣ 2,840 ሜትር ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን በ91 ግድም ይፈላል። የመንዝ እናቶች ባቄላው አልበስል ብሎ እንጨት ሲጨርስባቸው፣ ጥፋቱ የባቄላው ብቻ አይደለም። ውሃው ይንተከተካል እንጂ እንደ ቆላው አይግልም።

እንግዲህ ወደ ይፋት ገበሬ ሞተር እንመለስ። ስሙ መሳቢያ ነው፤ ስሙ ነው ሰውን የሚያሳስተው። በባሕር ጠረፍ አየሩ ውሃን 10 ሜትር ሽቅብ ከገፋ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ 9 ሜትር አይሞላም። ደብረ ብርሃን ላይ 7 ሜትር ከግማሽም አይደርስም። ይህም ቱቦው ምንም ቀዳዳ ሳይኖረው ነው። ገበሬው ሞተሩን ከወንዙ 10 ሜትር ሽቅብ፣ ከማሳው ዳር ቢተክለው ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፣ ነዳጁ ያልቃል፣ ሽንኩርቱ ይደርቃል። ሞተሩ ተበላሸ ብሎ ሌላ ቢገዛም ለውጥ የለውም። ሞተሩ ወደ ውሃው መውረድ አለበት፤ ከውሃው ከ5 ወይም ከ6 ሜትር ባይርቅ ይመረጣል። ከሞተሩ ወደ ላይ ያለው ግን ሌላ ነው፤ ያንን የሚገፋው የሞተሩ ጉልበት ስለሆነ እንደ አቅሙ ያወጣዋል።

ግፊትን አንሥተን መንሳፈፍን ብንተው ንግግራችን ጎደሎ ይሆናል። አየር እንደሚጫን ውሃም ይጫናል፤ በጠለቀ ቁጥር ይብሳል። ስለዚህ በውሃ ውስጥ ያለን ነገር ከበታቹ ያለው ውሃ፣ ከበላዩ ካለው ይልቅ አበርትቶ ይገፋዋል። ትርፉ ሽቅብ ያነሣዋል። ይህ ትርፍ ዕቃው ገፍቶ ቦታውን ከያዘበት ውሃ ክብደት ጋር እኩል መሆኑን የሲራኩሱ አርኪሜድስ ከ2,200 ዓመት በፊት ደርሶበታል። የጣና ታንኳ፣ ደንገሉ ቀላል ስለሆነ፣ ሰውና እህል ጭኖ የሚንሳፈፈው በዚሁ ነው። ጭስም ሽቅብ የሚወጣው የሞቀ አየር ከቀዝቃዛው ስለሚቀል ነው።

ይኸው ጣናን የሚያሻግር ኃይል በክረምት ይፋት ውስጥ ሰው ያስወስዳል። የሮቢ ወይም የጀውሃ ወንዝ ሲሞላ 60 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ ይገባበታል፤ በጉልበቱ ይተማመናል። ውሃው ወገቡ ሲደርስ እግሩ መሬቱን የሚረግጠው በ30 ኪሎ ያህል ብቻ ነው፤ ደረቱ ሲደርስ በ20 ኪሎ። ጎርፉ ግን ከጎን የሚገፋው በሙሉ ኃይሉ ነው። የ20 ኪሎ ልጅ በደራሽ ጎርፍ ፊት ይቆማልን? ጎልማሳውም በዚያች ሰዓት ያው 20 ኪሎ ነው።