አየሩ ይግባ፣ ትንኟ ትቅር፦ የመስኮት ወንፊትና የዘዋሪ መስኮት ታሪክ

መስኮት በቤት አሠራር ውስጥ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ሁለት ተግባራት አሉት፤ ብርሃንና አየር ያስገባል፣ ብርድን፣ ዝናብን፣ አቧራንና ነፍሳትን ደግሞ ይከለክላል። እነዚህን ሁለት ተግባራት ለማስታረቅ የተደረገው ጥረት አብዛኛውን ጊዜ የእንጨትና የመስታወት ሥራ ታሪክ ሆኖ ቢተረክም፣ ከ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ወዲህ ከወባና ከቢጫ ወባ ታሪክ ተለይቶ ሊታይ አይችልም፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በመዝጊያውና በመቃኑ መካከል የሚቀር የጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት የሰው ሕይወት የሚያልፍበት ቀዳዳ መሆኑ ታውቋልና። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዚያ በፊት በነበሩት ዘመናት፣ በሜዲትራኒያን አካባቢም ሆነ በሌሎች አገሮች፣ ወባ ከረግረግ በሚነሣ የተበከለ አየር ይመጣል ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፣ በሮም ዙሪያ ባለው ሜዳ የሚኖርም ሆነ የሚያልፍ ሰው ፀሐይ ስትጠልቅ መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ልማዱ ነበር። በኢትዮጵያም ቢሆን የደጋው ሰው የቆላውን ንዳድ ስለሚፈራ፣ ለእርሻ ወደ ቆላ ሲወርድ እዚያ ላለማደር ይጠነቀቅ ነበር። ሁለቱም ልማዶች ምክንያታቸው የተሳሳተ ቢሆንም ጥበቃቸው እውነተኛ ነበር፤ ወባ አስተላላፊዋ ትንኝ በአመዛኙ የምትናደፈው በሌሊት ስለሆነ፣ ቆላ አለማደርም ሆነ ቤትን መዝጋት ሰውን ከእርሷ ያርቀው ነበር። ሆኖም መስኮት መዝጋት የራሱን ቅጣት ያስከትላል፤ በሞቃት አገር በታፈነ ቤት ውስጥ መተኛት ስለሚያዳግት፣ ሰው በመጨረሻ ወይ መስኮቱን ይከፍታል ወይ ውጭ ያድራል።

የመፍትሔው ዕቃ ከእውቀቱ ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት በ1818 የተመሠረተው የጊልበርትና ቤኔት ኩባንያ ለዱቄትና ለእህል የሚሆን ወንፊት ሲሠራ ቆይቶ፣ በ1861 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲፈነዳና የደቡብ ግዛቶች ገበያው ሲዘጋበት፣ የተከማቸውን የሽቦ ወንፊት ዝገት እንዳይበላው ቀለም ቀብቶ ለመስኮት መሸፈኛነት መሸጥ ጀመረ። ገዢዎቹ የፈለጉት ዝንብን መከላከል ብቻ ነበር፤ ወንፊቱ በሽታን ያግዳል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። የዝንብ ወንፊት ደግሞ ጠርዙ ላይ ትንሽ ቢከፈት ብዙም ጉዳት የለውም፤ ጥቂት ዝንቦች መግባታቸው የሚያስቆጣ እንጂ የሚገድል አይደለም።

ሮናልድ ሮስ በ1897 ሕንድ ውስጥ በሴከንደራባድ የወባን ጥገኛ ተውሳክ በትንኝ ሆድ ውስጥ ካገኘና፣ ጆቫኒ ባቲስታ ግራሲና የጣሊያን ባልደረቦቹ በ1898 የሰውን ወባ የምታስተላልፈው አኖፌለስ የተባለችው የትንኝ ወገን መሆኗን ካረጋገጡ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1900 የበጋ ወራት እንግሊዛዊው ሐኪም ፓትሪክ ማንሰን ባዘጋጀው ሙከራ፣ ሉዊ ሳምቦንና ጆርጅ ሎው ከእንግሊዝ ተሠርቶ በመጣ ትንኝ በማያስገባ የእንጨት ቤት ውስጥ፣ በኦስትያ አቅራቢያ ወባ በበዛበት ሜዳ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ኖሩ። ቀን ቀን እንደ ልባቸው ይዘዋወሩ፣ ከምሽት እስከ ንጋት ወንፊት በለበሰው ቤት ያድሩ ነበር፤ ለወባ መድኃኒት የሆነውን ኪኒን ሳይወስዱ፣ መስኮቱንም ለሌሊቱ አየር ክፍት አድርገው እየተኙ ሁሉም በጤና ወጡ። ለዘመናት የተፈራው የሌሊት አየር ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት ግራሲ በደቡብ ጣሊያን በካፓቾ ሜዳ በሚኖሩ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ቤት በርና መስኮት ላይ ወንፊት አስገጥሞ ባካሄደው ሙከራ፣ ከተጠበቁት 112 ሰዎች መካከል የታመሙት 5 ብቻ ሲሆኑ፣ ካልተጠበቁት ጎረቤቶቻቸው ከበሽታው የተረፈ አልነበረም ለማለት ይቻላል። ከዚህ በኋላ በ1901 የወጣ የጣሊያን ሕግ ወባ ባለባቸው አካባቢዎች የሚሠሩ የባቡር ሠራተኞች መኖሪያ በወንፊት እንዲከለል አዘዘ።

ከእነዚህ ሁሉ ሙከራዎች ይልቅ አስተማሪ የሆነው ግን በ1900 ማብቂያ በኩባ፣ ዋልተር ሪድ በሚመራው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የቢጫ ወባ ኮሚሽን የተደረገው ነው። ኮሚሽኑ በላዚር ሰፈር እያንዳንዳቸው በግምት 4 በ6 ሜትር የሆኑ ሁለት ቤቶች አሠራ። የመጀመሪያው ቤት ሳንቃዎቹ አየር እንዳያስተላልፉ ተጠጋግተው የተገጠሙ፣ ሁለት ትናንሽ መስኮቶቹም አየር እንዳያሳልፉ በአንድ ጎን ብቻ የተከፈቱ፣ በወንፊትና በእንጨት መዝጊያ የተሸፈኑ ነበሩ። በዚህ የታፈነ ቤት ውስጥ አንድ ሐኪምና ሁለት ወታደሮች በቢጫ ወባ የሞቱ ሰዎች የተኙበትንና ያስመለሱበትን የአልጋ ልብስ እያነጠፉ 20 ሌሊት አደሩ፤ ከእነርሱ በኋላም ሌሎች ተተኩ፤ ነገር ግን አንድም ሰው አልታመመም። ሁለተኛው ቤት በተቃራኒው ንጹሕና አየር የሚዘዋወርበት ሲሆን፣ መካከሉ ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ በተዘረጋ የሽቦ ወንፊት ተከፍሎ ነበር። ጆን ሞራን የተባለው በጎ ፈቃደኛ ታኅሣሥ 21 ቀን ትንኞች በተለቀቁበት ክፍል ገብቶ ከተነደፈ በኋላ በፈረንጆች ገና ዕለት በቢጫ ወባ ታመመ፤ በወንፊቱ ማዶ ያንኑ አየር እየተነፈሱ የቆዩት ሰዎች ግን ምንም አልሆኑም። በአንድ ጣሪያ ሥር ሕመምንና ጤናን የለያቸው ያ ስስ ሽቦ ብቻ ነበር፤ ከዚህ የጠራ ማስረጃ በሕክምና ታሪክ ብዙ አይገኝም።

ይህ እውቀት በትልቅ መጠን የተፈተነው በፓናማ ነው። ፈረንሳዮች በ1880ዎቹ የፓናማን ቦይ ለመቆፈር ባደረጉት ሙከራ ወደ 20,000 የሚገመቱ ሰዎችን በበሽታ ያጡ ሲሆን፣ በአንኮን የሠሩት ያማረ ሆስፒታል እንኳ መስኮቶቹ ወንፊት ያልነበራቸው፣ ጉንዳን ለመከላከል ተብሎ የአልጋ እግሮች በውኃ በተሞሉ ማስቀመጫዎች ላይ የሚቆሙበት፣ ስለዚህም ትንኝ በታካሚው ሥር የሚፈለፈልበት ቤት ነበር። በ1904 የንጽሕና ኃላፊ ሆኖ የመጣው የአሜሪካ ጦር ሐኪም ዊልያም ጎርጋስ ሌሎች እርምጃዎችን እንደ ያዘ ሆኖ የመኖሪያ ቤቶቹንና የሆስፒታሎቹን መስኮቶች በወንፊት ለማስሸፈን ተነሣ። የባሕሩ ጨዋማ እርጥበት የብረት ሽቦን በአጭር ጊዜ ስለሚያዝገው ወንፊቱ ከመዳብ መሠራት ነበረበት፤ ዋና መሐንዲሱ ጆን ስቲቨንስ ለመዳብ ወንፊት ብቻ የ90,000 ዶላር ግዢ ፈቅዷል። የመጨረሻው የቢጫ ወባ ሕመምተኛ በፓናማ ከተማ የታየው በኅዳር 1905 ነበር።

ይሁን እንጂ የፓናማው ሥራ ትልቁ ትምህርት ወንፊቱ ራሱ ሳይሆን የወንፊቱ ጠርዝ ነው። በአንድ ኢንች ከ16 እስከ 18 ቀዳዳ ያለው የሽቦ ልብስ ትንኝን በአብዛኛው አያሳልፍም፤ ትንኝ የምትገባው በተለይ እንጨት ሲሰነጠቅ፣ በር ሲጣመም፣ ወንፊቱ ከመቃኑ ጋር በሚገናኝበት ጥግ ክፍተት ሲቀር ነው። ስለዚህ የጎርጋስ ረዳት ጆሴፍ ለፕሪንስ የሚመራቸው ተቆጣጣሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የተቀደደውን ያስጠግኑ ነበር፤ ሆኖም ክፍተት ሁሉ እንደማይደፈን ስለ ተረዱ፣ ሾልከው የገቡትን ትንኞች በየቀኑ ከየግድግዳው እየለቀሙ የሚገድሉ ሠራተኞችን ጭምር ቀጠሩ። ከዚህም በላይ እያንዳንዱን መስኮት ለብቻው ከመሸፈን ይልቅ የቤቱን በረንዳ ሙሉ በሙሉ በወንፊት መክበብን መረጡ፤ በዚህ ዘዴ በረንዳው ያቀፋቸው መስኮቶች ወደ ውስጥም ሆነ ወደ ውጭ ቢከፈቱ ወንፊቱን አይነኩትም። ይህ ዘዴ ውድ ቢሆንም ብልህ ነበር፤ ብልህነቱ ይበልጥ የሚታየው ደግሞ ዘዋሪ መስኮትን በሚመለከት ነው።

ዘዋሪ መስኮት የሚባለው በአንድ ጎኑ በማጠፊያ ከመያያዝ ይልቅ በመዝጊያው መካከል በግራና በቀኝ፣ ወይም ከላይና ከታች በተተከሉ ሁለት አጫጭር ዘንጎች ላይ የሚሽከረከር መስኮት ነው። ዘንጎቹ በግራና በቀኝ ሲሆኑ የመዝጊያው የላይኛው ግማሽ ወደ ውስጥ ሲገባ የታችኛው ወደ ውጭ ይወጣል። ክብደቱ ከሁለቱም ወገን ስለሚመዛዘን ሰፊና ከባድ መስታወት በትንሽ ጉልበት ይከፈታል፤ ዝናብም በዘመመው መስታወት ላይ ወደ ውጭ ይንሸራተታል፤ የውጭው ገጽ ከውስጥ ሊጸዳ ይችላል። በእንግሊዝ ብሬይንትሪ በ1884 የብረት መስኮት መሥራት የጀመረው የክሪታል ድርጅትና እርሱን የመሰሉ አምራቾች ሥራቸውን ካስፋፉ ወዲህ፣ አልበርት ካን በዲትሮይት የነደፋቸውን የመሳሰሉ የመኪና ፋብሪካዎች ግድግዳ በብረትና በመስታወት ሲሸፈን፣ አየር ማስገቢያ የሆኑት በመካከላቸው የሚዞሩ የብረት መዝጊያዎች ነበሩ።

የዚህ መስኮት ድክመት ከጥቅሙ የሚመነጭ ነው። ተራ መስኮት ሲዘጋ ዙሪያውን በአንድ ወገን ባለ ጠርዝ ላይ ያርፋል፤ በዘዋሪው መስኮት ግን የላይኛው ግማሽ የሚያርፍበት ጠርዝ በውጭ በኩል፣ የታችኛው ግማሽ የሚያርፍበት በውስጥ በኩል መሆን ስላለበት፣ ጠርዙ ዘንጉ ባለበት ቦታ ተቋርጦ ወገን ይለውጣል። ነፋስ፣ ዝናብና ትንኝ የሚገቡት በዚህ መገናኛ ነው። ጥንቁቅ አናጢዎች ጠርዙን በሰያፍ ቆርጠው ከፊሉን በመቃኑ፣ ከፊሉን በመዝጊያው ላይ በመምታት ሁለቱ ሲዘጋ እንዲገናኙ አደረጉ፤ ሌሎች የሱፍ ጥብጣብ ወይም እንደ ምንጭ የሚገፋ ስስ የነሐስ ቅጠል ጨመሩ፤ የዱፖን ኩባንያ በ1931 ለገበያ ያስተዋወቀው ኒዮፕሪን የተባለ ሰው ሠራሽ ጎማ፣ ፀሐይና ዘይት ቶሎ የማይጎዳው በመሆኑ፣ ከጊዜ በኋላ ይህን ሥራ ከሱፉ ተረከበ። የብረት መዝጊያ ግን በተደራረበ ቀለምና በዝገት ምክንያት ሙሉ በሙሉ መግጠም ሲያቅተው፣ ጎማው ብቻውን አያድነውም።

ወንፊት መግጠሙ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ለሁለት ወገን በሚከፈት መዝጊያ ላይ ዝርግ ወንፊት በውስጥ ቢደረግ የላይኛው ግማሽ፣ በውጭ ቢደረግ የታችኛው ግማሽ ይመታዋል። ለዚህ የተሰጡት መልሶች ጥቂት ናቸው፤ ወንፊቱን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በውስጥ ግማሹን በውጭ መግጠም፣ እንደ ሣጥን ወጣ ብሎ መዝጊያው የሚዞርበትን ቦታ ሁሉ የሚያቅፍ ወንፊት መሥራት፣ ወይም በፓናማ እንደ ተደረገው በረንዳውን መክበብ። የመጀመሪያው ርካሽ ቢሆንም ሁለቱ ግማሾች በዘንጉ ዘንድ የሚገናኙበትን ክፍተት መልሶ ይፈጥራል፤ ስለዚህ ዘዋሪ መስኮትን በግማሽ ወንፊት ለመጠበቅ መሞከር ለትንኝ በሩን ክፍት መተው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የአሜሪካ የብረት መስኮት ሠሪዎች በጊዜ ሂደት መዝጊያው በሙሉ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚወጣበትን ዓይነት ያስፋፉት ወንፊት ለመግጠም ስለሚመችም ጭምር ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲዲቲ የተባለው ፀረ ነፍሳት ኬሚካል ሲመጣ፣ ግድግዳ መርጨት መስኮት ከመጠበቅ የቀለለና የረከሰ መስሎ ታየ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1955 የጀመረው የወባ ማጥፋት ዘመቻም በመርጨት ላይ ቆመ። በኢትዮጵያ በ1958 የተነሣው ወረርሽኝ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው አሳሞ ወደ 150,000 ሰው እንደ ገደለ ከተገመተ በኋላ በተቋቋመው የወባ ማጥፋት አገልግሎትም ዋናው መሣሪያ ይኸው መርጨት ነበር። ዲዲቲ ብዙ ሕይወት ያተረፈ መሆኑ አያከራክርም፤ ነገር ግን ቤቱን ራሱን የማጠናከሩ አስተሳሰብ ለአሥርት ዓመታት ተዘነጋ፤ ትንኞችም ኬሚካሉን ለመዱት። በ2009 የታተመው የጋምቢያ ጥናት ወንፊት በተገጠመላቸው ቤቶች የትንኝ ቁጥር በግማሽ ገደማ መቀነሱንና የሕፃናት የደም ማነስም መቀነሱን ሲያሳይ፣ በ2013 የታተመው የአርባ ምንጭ አካባቢ ጥናት ደግሞ በርና መስኮት በወንፊት መሸፈኑ ወደ ቤት የምትገባውን አኖፌለስ አራቢየንሲስ በ40 በመቶ እንደ ቀነሰ አረጋገጠ። ቀሪው 60 በመቶ ስለ ክፍተቱ የሚናገር ነው፤ በአፍሪካ የገጠር ቤቶች ትንኝ የምትገባበት ሌላው ሰፊ መንገድ በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ያለው ክፍተት መሆኑን ተመራማሪዎች ደጋግመው አሳይተዋል።

ጉዳዩ አሁን የገጠር ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በ2016 በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች ከእስያ የመጣች ትንኝ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ የምትራባ ስትሆን፣ በ2022 በድሬዳዋ ከተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ጋር ተያይዛለች። በኢትዮጵያ ከተሞች በስፋት የሚታየው የብረት መስኮት በማጠፊያ ወደ ውጭ ስለሚከፈት፣ ወንፊት በውስጥ በኩል ለመግጠም አይከብድም፤ ዘዋሪ መስኮት የሚመርጥ ባለ ሕንፃ ግን ወንፊቱን ከመስኮቱ ጋር በአንድ ንድፍ ማሠራት እንጂ ሕንፃው ካለቀ በኋላ እንዲፈለግ መተው የለበትም። በቆላማ ከተሞች የሚያስገነቡ ማዘጋጃ ቤቶች፣ መሐንዲሶችና ባለ ሀብቶች የመስኮት ወንፊትንና የጠርዙን ገጠማ እንደ ጣሪያና እንደ ውኃ መስመር ሁሉ በውላቸው ውስጥ እንዲያስገቡ ያስፈልጋል።