ሰይፍ ያልታጠቀው ኮሎኔል

የጀግንነት ሽልማት መግለጫ የተሸላሚውን ክብር የሚነካ ነገር እንደ ወጉ አይጠቅስም። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1897 ለሉዊጂ ፓልማ ዲ ቼስኖላ የክብር ሜዳይ ሲሰጥ የጻፈው መግለጫ ግን፣ ሰውየው በውጊያው ዕለት በእስር ላይ እንደ ነበረ ከመነሻው ይናገራል።

ቼስኖላ እ.ኤ.አ. በ1832 በሰሜን ኢጣልያ፣ በፒየሞንት ከመኳንንት ቤተሰብ ተወልዶ ወደ ኒውዮርክ የተሰደደ ወታደር ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን በሰሜኑ ኅብረት ጦር ከተሰለፉት ከአራቱ አንዱ ያህል በውጭ አገር የተወለደ ነበር። ቼስኖላም በ1862 የ4ኛው ኒውዮርክ ፈረሰኛ ሬጅመንት ኮሎኔል ሆነ። ይሁን እንጂ በልምድ ከእርሱ የሚያንስ መኮንን ዕድገት በማግኘቱ ተቃውሞ አሰማ፤ ስለዚህም ታሰረ። የታሰረ መኮንን ከጦሩ ጋር ይጓዛል እንጂ ሰይፍ አይታጠቅም፣ አያዝምም።

ሰኔ 17 ቀን 1863 (እ.ኤ.አ.) በቨርጂኒያ፣ አልዲ በተባለች መንደር አጠገብ የኅብረቱ ፈረሰኞች ከደቡቦቹ ጋር ተጋጠሙ። የጄኔራል ሊ ጦር በተራሮች ተከልሎ ወደ ሰሜን ይጓዝ ነበርና፣ ደቡቦቹ መተላለፊያውን አጥብቀው ያዙ። 4ኛው ሬጅመንት ያለ አዛዡ ገሥግሦ ተመታና አፈገፈገ። ይህን ያየው እስረኛ ባዶ እጁን በፈረሱ ወደ ፊት ወጥቶ የተበተኑትን ሰብስቦ ለሁለተኛ ጊዜ ከእነርሱ ጋር ገባ። እንዲህ ያለው ድፍረት ለእልህ ይቀርባል የሚል ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን ያለ መሣሪያ ወደ ጥይት መግባትን በእልህ ብቻ ማስረዳት ይከብደኛል። ጄኔራል ኪልፓትሪክ ከእስሩ ፈትቶ የራሱን ሰይፍ እንደ ሰጠው ይተረካል። ኮሎኔሉ ሬጅመንቱን እየመራ ሲዋጋ ክፉኛ ቆስሎ በጠላት እጅ ወደቀ። በሪችመንድ፣ ሊቢ በተባለው መጋዘን ታስሮ እስከ 1864 ቆየ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። መግለጫው ስለ እስሩና ስለ መፈታቱ ይተርካል፤ እስሩን ስላመጣው አቤቱታ ግን ዝም ይላል። ኪልፓትሪክም ሰውየውን ፈታው እንጂ ለአቤቱታው መልስ አልሰጠም።

ሜዳዩ ከውጊያው 34 ዓመት ዘግይቶ ሲደርስ ቼስኖላ ስመ ጥር ሰው ሆኗል። ከጦርነቱ በኋላ በቆጵሮስ የአሜሪካ ቆንስል ሳለ በሺህ የሚቆጠሩ ጥንታውያን ቅርሶችን ቆፍሮ አጋዘ፤ ነገሩ ብዙ ክርክር ያስነሣ ነው፣ ራሱን የቻለ ጽሑፍም ይሻል። ከ1879 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1904፣ የኒውዮርኩ የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ዳይሬክተር ነበር።