ተለማማጁና አሠልጣኙ፦ የሥነ ልቡና ምክር ሥልጠና ታሪክ ከፎገራ ሜዳ ሲታይ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ በወረታ ያልፋል። ከተማዋ ከባሕር ዳር 60፣ ከጎንደር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በዚህ ጽሑፍ ወረታ የተመረጠችበት ምክንያት በሁለት የሥልጠና ማዕከሎች መካከል በመገኘቷ ነው፤ ጎንደር የጤና ሠራተኞችን፣ ባሕር ዳር ደግሞ የመምህራን አሠልጣኞችን ሲያፈሩ ኖረዋልና። ተጨንቆ የመጣውን ተማሪ አዳምጦ የሚረዳ የሥነ ልቡና ባለሙያ ከእነዚህ ከሁለቱ ልማዶች ምን ሊወርስ እንደሚገባው መመርመር የጽሑፉ ዓላማ ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

በ1953 ከጣና በስተ ሰሜን በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሕዝብ እንደፈጀ ይነገራል። በዓመቱ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ ተቋቋመ። በ1958 በአገሪቱ የተነሣው ሌላ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል መግደሉ የተገመተ ሲሆን፣ የጉዳቱ ክልል በአብዛኛው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለው አገር ነበር። ወረታ በ1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እንግዲህ ኮሌጁ ተማሪውን ከመማሪያ ክፍል አውጥቶ ወደ ገጠር መላኩ ከችግሩ የመነጨ እንጂ ከመጽሐፍ የተቀዳ አልነበረም ለማለት ይቻላል። የጤና መኮንኑ ሦስት ዓመት ከተማረ በኋላ አንድ ዓመት በተለማማጅነት ይሠራ ነበር፤ ኮሚዩኒቲ ነርሷና ሳኒታሪያኑም ከእርሱ ጋር በአንድ ቡድን እንዲሠሩ ይሠለጥኑ ነበር።

በሥነ ልቡና ሙያ የዚህ ዓይነቱ ልምምድ መነሻ ሌላ ነው። ላይትነር ዊትመር በ1896 በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የሥነ ልቡና ክሊኒክ ሲከፍት፣ ካስተናገዳቸው የመጀመሪያ ልጆች አንዱ የፊደል አጻጻፍ አልሆንለት ያለ ተማሪ ነበር፤ ልጁንም ያመጣችው አስተማሪው ናት። መምህራን ይህን ቢያስታውሱት አይከፋም። በ1908 በቫይንላንድ የተለማማጅ ሥልጠና ተጀመረ። በ1949 በቦልደር የተደረገው ጉባኤ ደግሞ የሙሉ ዓመት ልምምድ የክሊኒካል ሥነ ልቡና ሥልጠና አንድ ክፍል እንዲሆን ወሰነ።

በአገራችን በ1964 የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት እየላከ በአብዛኛው በአስተማሪነት ያሠራው ነበር። የዘመኑ ልክ ከጤና መኮንኑ ልምምድ ጋር እኩል ነው፤ ዓላማው ግን አገልግሎት እንጂ የምክር ሙያን ማስጨበጥ አልነበረም። በ1972 የባሕር ዳር የፔዳጎጂ አካዳሚ ሲከፈት ሥነ ልቡና ለማስተማር ሥራ የሚያግዝ ዕውቀት ሆኖ ተሰጠ። ይህ ጠቃሚ ነበር፤ ሆኖም ልጅ እንዴት እንደሚማር ማወቅና የሚያለቅስ ልጅ ፊት መቀመጥ የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። በሕክምናው በኩል በ1987 በአማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ። በ2003 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ያዘ። ከዚያ በፊት የአእምሮ ሐኪም ለመሆን ወደ ውጭ አገር መሄድ ግድ ነበር።

ተለማማጁ በዩኒቨርሲቲ የምክር ማዕከል ሲቀመጥ የሚገጥመውን ለመረዳት አንድ ምሳሌ እናስብ። ከፎገራ ገጠር የመጣች ልጅ በወረታ ቤት ተከራይታ፣ ከወላጆቿ በሚላክላት ስንቅ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ገባች እንበል። ርብና ጉማራ ሞልተው የቤተሰቧ ማሳ በውኃ የተዋጠበት ክረምት ነው። ልጅቷም ከተለማማጁ ፊት ቀርባ «ሆድ ባሰኝ» ብላ ዝም ትላለች። ሙያውን በእንግሊዝኛ መጽሐፍ የተማረው ወጣት ይህን ቃል ከየትኛው የሕመም ስም ጋር ያዛምደው? ድብርት ነው ብሎ ቢጽፍ ይቸኩላል፤ ናፍቆት ነው ብሎ ቢያልፈው ደግሞ አደጋ ሊያመልጠው ይችላል። ጸበል ሄዳ እንደሆነ፣ ለንስሐ አባቷ ነግራ እንደሆነ በአክብሮት መጠየቅም ይኖርበታል። ይህን የሚያስተምረው ንግግሩ ካለቀ በኋላ መዝገቡን አብሮት የሚያነብና «ዝም ባለች ጊዜ አንተ ለምን ተናገርህ?» ብሎ የሚጠይቀው አሠልጣኝ ነው። ስሕተቱን የሚያይለት ሰው ከሌለ ግን ዓመቱን ሙሉ ያንኑ ስሕተት ይለማመዳል፤ ዋጋውንም የምትከፍለው ልጅቷ ናት።

በዓይን ሥር መማር ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በዚያው በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት የሚገኘው የቤተልሔም ጉባኤ የድጓ ማስመስከሪያ ነው፤ ተማሪው ሌላ ቦታ ያጠናውን ይዞ ወደዚያ ይሄዳል፣ መምህሩም ከፊቱ አስቀምጦ ሰምቶና አርሞ ይመሰክርለታል። ንጽጽሩ ግን እስከ መጨረሻው አይሄድም። ድጓ በጉባኤ ፊት ይዜማል፤ የምክር ጠያቂው ምስጢር በጉባኤ ፊት አይቀርብም። በተለይ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት እንደ ወረታ ባለ ከተማ አሠልጣኙ ንግግሩን ለመስማት ወይም በቴፕ ለማስቀረት የልጅቷ ፈቃድ አስቀድሞ ሊጠየቅ፣ እምቢ ብትልም አገልግሎቱ ሊነፈጋት አይገባም።

ዕቅድ አውጪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥሩት የተመራቂዎችን ቁጥር ነው። የአሠልጣኙ ሰዓት ግን በማስተማር ጭነት ካልተመዘገበና ካልተከፈለበት፣ ከሌላ ሥራ የተረፈ ሰዓት ይሆናል። ከባሕር ዳር ወይም ከጎንደር ተለማማጆችን ወደ ወረታ ትምህርት ቤቶች ለመመደብ የሚያስብ ክፍል፣ ከተለማማጆቹ ስም ዝርዝር አስቀድሞ በየሳምንቱ ወደዚያ የሚመላለሰው አሠልጣኝ ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን እንደሚገኝና አበሉ ከየትኛው በጀት እንደሚወጣ በጽሑፍ ማስፈር ይኖርበታል።