ማግኔትና የስኳር በሽታ፦ በ1784 በፓሪስ የተደረገው ፈተና

ዛሬ የምናወራው ስለ ማግኔት ነው። ማግኔት ሚስማርና መርፌ የሚስበው፣ በየቤታችሁም የፍሪጁን በር ገጥሞ የሚይዘው ነገር ነው። ገበያ ወጥታችሁ ወይም ጎረቤት ቤት ቡና ስትጠጡ፣ «ይህን የማግኔት አምባር እጅህ ላይ ብታስር ደምህ ይጣራል፣ ስኳርህም ይወርዳል» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ «ኪኒኑንማ ተወው» ብሎ ይጨምርበታል። እኛን ያሳሰበን ይህ የመጨረሻው ቃል ነው።

በዘመቻ ሙሴና በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጡትን ወገኖቻችንን የተከታተሉ ሐኪሞች ያዩት ነገር አለ። ሲመጡ የስኳር በሽታ የነበረባቸው በጣም ጥቂቶች ነበሩ። በእስራኤል ዓመታት ሲቆጠሩ ግን በሽታው እየበዛ ሄደ። እንጀራው በነጭ ዳቦ፣ የእግር መንገዱ በአውቶቡስ ተተካ፤ ጣፋጭ መጠጥም በየቤቱ ገባ። ስለዚህ ስኳርን አወርዳለሁ የሚል ሁሉ በመካከላችን ሰሚ ያገኛል።

ማግኔት ይፈውሳል የሚለው ወሬ ግን የቆየ ነው። በ1774 በቪየና ከተማ ፍራንዝ አንቶን ሜስመር የሚባል ሐኪም በአንዲት በሽተኛ ሰውነት ላይ ማግኔት አሰረ፤ ሴቲቱም ተሻለኝ አለች። ቆይቶ ሜስመር ኃይሉ ከብረቱ ሳይሆን ከራሱ ከሐኪሙ አካል እንደሚፈስ ያስተምር ጀመር። በ1778 ወደ ፓሪስ ሄደ። እዚያም በሽተኞች ውኃና የብረት ብናኝ ባለበት የእንጨት ገንዳ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ከገንዳው የወጡትን የብረት ዘንጎች ሕመማቸው ላይ ያደርጉ ነበር። ለስለስ ያለ ሙዚቃ ይሰማል። አንዱ ይንቀጠቀጣል፣ አንዱ ይስቃል፣ ሌላው ራሱን ይስታል። ሜስመር አታላይ ነበር ለማለት አንደፍርም፤ ራሱም ያመነበት ይመስላል።

ነገሩ አገር ሲያነጋግር፣ በ1784 ንጉሥ ሉዊ 16ኛ መርማሪዎች ሾመ። ከእነርሱ መካከል የኬሚስትሪው ሊቅ ላቩዋዚዬና የአሜሪካው መልእክተኛ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነበሩ። ፍራንክሊን ያን ጊዜ የ78 ዓመት ሽማግሌ ነበር፤ ታሞ ስለነበር ከፈተናው ከፊሉ በቤቱ ተደረገ። ሜስመር ለመመርመር እሺ አላለም፤ ደቀ መዝሙሩ ዶክተር ዴስሎን ግን ፈቀደ።

እስቲ የአትክልቱን ቦታ አስቡት። ዴስሎን አንድ የሚሽሚሽ ዛፍ መርጦ ኃይሉን አሳደረበት። የ12 ዓመት ልጅ ዓይኑን በጨርቅ ሸፍነው ኃይል ወደሌላቸው ዛፎች ወሰዱት። በመጀመሪያው ዛፍ ሥር አላበውና ሳለ፤ ወደ ሌሎቹ ሲሄድ ራሱን አመመው፤ በአራተኛው ዛፍ ሥር ራሱን ስቶ ወደቀ። የተመረጠው ዛፍ ግን 8 ሜትር ያህል ርቆ ቆሞ ነበር! ለአንዲት ሴትም እንዲሁ ኃይል ያልተሰጠውን ስኒ ሲያቀርቡላት ወደቀች፤ እውነተኛውን ስኒ ሳታውቅ ስትጠጣ ግን አንዳች አልሆነችም።

መርማሪዎቹ በሽተኞቹ ዋሹ አላሉም። መንቀጥቀጡ እውነት ነው፣ ያመጣው ግን የሰው ሐሳብና ተስፋ ነው አሉ። ዛሬም ሐኪሞች አዲስ መድኃኒት ሲፈትኑ፣ በሽተኛው እውነተኛውን ይሁን ባዶውን እንደወሰደ እንዳያውቅ ያደርጋሉ።

ይህ ታሪክ ስለ አምባሩ ምን ይነግረናል? ተስፋ የራስ ምታትን ሊያቀል ይችላል። ስኳር ግን ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሳያም ይጨምራል። ሰውየው «ደህና ነኝ» እያለ ዓይኑና ኩላሊቱ ይጎዳሉ። ስለዚህ «ተሻለኝ» ማለት አይበቃም፤ ቁጥሩ መለካት አለበት።

ሻጮች ደማችን ብረት ስላለው ማግኔት ይስበዋል ይላሉ። በደም ውስጥ ያለው ብረት እንደ ሚስማር አይደለም። በ1936 ላይነስ ፖሊንግና ባልደረባው እንዳሳዩት፣ ኦክስጅን የያዘ የደም ሄሞግሎቢን በማግኔት እጅግ በጥቂቱ ይገፋል እንጂ አይሳብም። በሆስፒታል ያለው የኤም.አር.አይ መሣሪያ ማግኔት ከምድር ማግኔት 30 ሺህ ጊዜ ያህል ይበረታል፤ ሆኖም ፎቶ ለማንሳት ነው እንጂ ስኳር ለማውረድ ማንም ወደዚያ አይልክም።

ሳይንስ ግን ጥያቄውን ፈጽሞ አልዘጋውም። በ2020 በአሜሪካ የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስኳር ያለባቸውን አይጦች ከምድር ማግኔት 100 ጊዜ ያህል በሚበልጥ ማግኔትና በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ሲያኖሩ ስኳራቸው እንደወረደ ጽፈዋል። አስደሳች ነው፤ ነገር ግን በአይጥ የታየ ነው፣ መሣሪያውም አምባር አይደለም። ኢንሱሊን በ1922 በቶሮንቶ ለሰው እስኪሰጥ ድረስ፣ ኢንሱሊን የማያመነጩ ልጆች ይሞቱ ነበር። እንዲህ ያለ በሽተኛ ዛሬም መርፌውን ቢተው በጥቂት ቀናት ውስጥ ለከባድ አደጋ ይጋለጣል።

እናትና አባቶቻችን ለኤም.አር.አይ ሲቀጠሩ፣ አብራችሁ የምትሄዱ ልጆች ይህን አስተርጉሙላቸው፦ አምባርና የአንገት ጌጥ ይወልቃል። በልብ ላይ የተተከለ መሣሪያ፣ በሰውነት የቀረ የጥይት ወይም የብረት ስባሪ፣ የኢንሱሊን ፓምፕ ካለ ደግሞ ወደ ክፍሉ ከመግባት በፊት ለሠራተኛው ይነገራል።